የአንባቢያን ጥያቄ ለእንስሳት ሐኪሙ፦ «ታፋቸው ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ፣ በአራተኛው ቀን ሞቱብኝ»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቢሾፍቱ ዳር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እሱ የጀመረውን የአሳማ እርባታ ከልጄ ጋር ይዘን ቀጥለናል። አምስት እናቶች፣ አንድ አውራና ሠላሳ አራት በማደግ ላይ ያሉ አሳማዎች አሉን። የምናበላቸው ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ከሁለት ሆቴሎች የምናመጣውን የምግብ ትርፍራፊ ነው።

ከአስር ቀን በፊት ሦስት ወር ተኩል ከሞላቸው አንዱ መብላት ተወ። ሲነሣ እግሩ ገተር ይላል፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ ይተኛል። በማግስቱ ጭራው ሥርና ታፋው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየን። ትንኝ ነክሶት ነው ብለን ተውነው። ነጥቡ እየሰፋ፣ እየተያያዘ፣ ወደ ወይን ጠጅ ሄደ። ከመድኃኒት መደብር ቴትራሳይክሊን ገዝተን ወጋነው። በአራተኛው ቀን ሞተ። ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ሄደ። አሁን ሦስተኛው ጀምሮታል። እናቶቹና ትንንሾቹ ግን ምንም አልሆኑም።

የጠራነው ባለሙያ በር ላይ ቆሞ አይቶ «ወረርሽኝ ነው፣ ሳያልቁ ቶሎ ሽጡ» ብሎን ሄደ። እውነት ልሽጣቸው? ሥጋውስ ሰው ይጎዳል? ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ወ/ሮ ስ.፣ ከቢሾፍቱ

መልስ

ወይዘሮ ስ.፣ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በስልክ ተነጋግረናል፤ ቤትዎም መጥቼ አይቻለሁ። እዚህ የምጽፈው እርስዎ ቤት የገባው ነገ ሌላ አርቢ ቤት ስለሚገባ ነው። ታሪኩን እንዳወጣው ስለፈቀዱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

በስልክ መጀመሪያ ያልኩዎትን እደግመዋለሁ። አንድም አሳማ ከግቢ አይውጣ። አይሽጡ፣ አያርዱ፣ ለዘመድም ቢሆን አይስጡ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። የአሳማ ቆዳ ላይ ቀይና ወይን ጠጅ ነጥብ ባየሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1921 ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። መድኃኒት የለውም። ለአርቢዎቻችን የሚሰጥ ክትባትም የለም። ቫይረሱ በደም፣ በሥጋ፣ በጫማ፣ በመኪና ጎማ ይሄዳል። በቀዘቀዘና በጨው በደረቀ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ከርከሮ ተሸክሞት ሳይታመም ይኖራል፤ የቤት አሳማ ግን ከያዘው ባብዛኛው አይተርፍም። እንግዲህ «ሳያልቁ ሽጡ» የሚለውን ምክር የሰሙ አስር አርቢዎች በአንድ ሳምንት አገሩን ያዳርሱታል። ምክሩን ስሰማ አዘንኩ፤ ተናደድኩም። በር ላይ ቆሞ በሽታ አይታወቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አሳማ በብዙዎቻችን ቤት የማይበላ፣ የማይነካ እንስሳ ነው። እኔም ያደግኩት በዚያ ቤት ነው፤ ዛሬም አልበላም። ግን የእንስሳት ሐኪም የሆንኩት ለላምና ለበግ ብቻ አይደለም። አሳማ አርቢ ሐኪም ካጣ በሽታውን ይደብቃል። የተደበቀ በሽታ ደግሞ ሲወጣ የሚወጣው አገር አዳርሶ ነው። በየወረዳው ያላችሁ የሙያ ልጆቼ፣ ቦት ጫማችሁን አድርጉና ግቡ። ስትወጡ ታጠቡ። ከዚህ የበለጠ የሚጠይቃችሁ የለም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ደብዳቤዎን ሳነብ ፈርቼ ነበር ብዬዎታለሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሦስት ነገሮች ያዙኝ። የታመሙት ሦስት ወር ተኩል ገደማ የሆናቸው ብቻ ናቸው። በአስር ቀን ውስጥ የታመሙት ሦስት ናቸው፤ አንድ በአንድ። ነጥቡ የጀመረው ከጭራው ሥርና ከታፋ ነው። የአፍሪካው ትኩሳት ዕድሜ አይመርጥም፤ እናቲቱንም አውራውንም ግልገሉንም ይወስዳል። የእርስዎ እናቶች ግን ቆመው እየበሉ ነው።

አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ የሙቀቱ ልክ። ልጅዎ ቴርሞሜትር የለንም ሲለኝ ከፋርማሲ የሰው ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቶ፣ ቫዝሊን ቀብቶ፣ በፊንጢጣው እንዲለካ ነገርኩት። ያቺ ቴርሞሜትር ከዚያ በኋላ የአሳማ ሆና ትቀራለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደውሎ «ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት» አለኝ። ቁጭ ብዬ ተነፈስኩ። የጤነኛ አሳማ ሙቀት 39 ገደማ ነው። የአፍሪካው ትኩሳትም ሆነ ኤሪሲፔላስ የሚባለው የቆዳ በሽታ በዚያ ደረጃ ላይ 40.5 እና ከዚያ በላይ ያሳያሉ። ይሄ አሳማ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ትኩሳት የለውም።

በማግስቱ ጠዋት የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አብራኝ መጣች። ወጣት ናት፤ ከእኔ ቀድማ ገባች።

ሦስተኛው አሳማ ጥግ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ስንጠጋው አልተነሣም፤ ጆሮውን ብቻ አነቃነቀ። ታፋው ላይ ያለው ነጥብ ትንሹ ምስር ያክላል፤ ትልቁ የአንድ ብር ሳንቲም ያክላል። ክብ ነው። ጠርዙ ቀይ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ። ከጭራው ሥር ግን ነጥብነቱ ቀርቶ አንድ ላይ ተጋጥሟል፤ ወይን የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላል። በጣቴ ተጫንኩት። ቀለሙ አልሸሸም። ደሙ ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። አያከውም። እከክ ቢሆን ግድግዳው ላይ ሲታከክ ይውል ነበር። የኋላ እግሮቹ ቁርጭምጭሚት ላይ አብጠዋል። ስንነካው ያመዋል።

ከሰዓት በኋላ ሞተ። እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አስጠንቅቃለሁ፤ እኛ እንዳደረግነው እናንተ ብቻችሁን አታድርጉ። በወረርሽኝ የተጠረጠረ አሳማ ግቢ ውስጥ ሲከፈት የሚፈሰው ደም ራሱ በሽታው ነው። እኛ ከአሳማዎቹ ቤት ርቀን፣ ጉድጓዱን አስቀድመን አስቆፍረን፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን፣ ጓንት አድርገን ነው የከፈትነው።

መጀመሪያ ጣፊያውን አየሁ። የአፍሪካው ትኩሳት ብዙ ጊዜ ጣፊያን አሳብጦ ያጠቁረዋል፤ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ይሄኛው መጠኑም ቀለሙም ደህና ነበር። ንፍፊቶቹ አብጠው ቀልተዋል። ከዚያ ኩላሊቶቹን አወጣን። ወይዘሮ ስ.፣ አጠገቤ ቆመው «ይሄ ኩላሊት ነው?» ብለው የጠየቁኝን አልረሳውም። የጤነኛ ኩላሊት ቀለም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ይሄ ገርጥቷል፤ ሽሮ ዱቄት ይመስላል። ሁለቱም አብጠው የጤነኛውን እጥፍ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። ላያቸው ላይ ደግሞ ቀይ ጤፍ የተበተነ ይመስል ጥቃቅን ቀይ ነጥብ ሞልቷል። በቢላ ስንሰነጥቀው ነጥቡ ወደ ውስጥ ይቀጥላል።

ያኔ ነው ለሐኪሟ «ፒዲኤንኤስ ይመስለኛል» ያልኳት። በአማርኛ የቆዳና የኩላሊት ሕመም ብንለው ይበቃል።

ሆኖም በዓይን አይታ «ነው» የምትል ሐኪም እንዳትሆን ነገርኳት። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ብዙ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። አንድ አርቢ ቤት እንዲሁ ቀይ ነጥብ ያለው አሳማ አየሁ። ኤሪሲፔላስ ነው ብዬ ሦስት ቀን ፔኒሲሊን ወጋሁ። ቴርሞሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ኤሪሲፔላስ ቢሆን በሁለተኛው ቀን መሻል ነበረበት። እብጠቱም በእጅ ሲዳስሱት ከቆዳው ከፍ ያለ፣ ማዕዘን ያለው ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን አልዳሰስኩም፣ አልለካሁም። አሳማው ሞተ። ሰውዬው ለመድኃኒቱ የከፈለኝ ልጁ ትምህርት ቤት ከሚከፍለው ቀንሶ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ናሙና ላክን። ደም፣ ኩላሊት፣ ጣፊያና ንፍፊት በበረዶ ሣጥን ሄደ። ውጤቱ እስኪመጣ ግቢዎ ተዘግቶ ቆየ። ያ ጊዜ ለእርስዎ ምን ያህል ረጅም እንደነበረ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ይደውሉልኝ ነበር። ከሁለቱም የአሳማ ትኩሳት፣ ከአፍሪካውም ክላሲካል ከሚባለው ከሌላውም፣ ነጻ የሚል መልስ መጣ። በማይክሮስኮፕ የታየው ኩላሊትም ያሰብነውን አሳየ። ኩላሊት አጣርቶ ማውጣት ያለበት ቆሻሻ፣ ዩሪያና ክሬቲኒን የሚባለው፣ ደሙ ውስጥ ከጤነኛው ብዙ እጥፍ ሆኖ ነበር።

«ቆዳውና ኩላሊቱ ምን አገናኛቸው?» ብለውኝ ነበር። የሚያገናኛቸው የደም ሥር ነው። አካል አንድ ቫይረስ ሲገባበት የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ፀረ እንግዳ አካሉና ቫይረሱ ተጣብቀው ደም ውስጥ ይዞራሉ፤ ሌላ ጊዜ አካል ጠርጎ ያወጣቸዋል። በዚህ ሕመም ግን ይበዙና ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። አካል እነሱን ሊያጠፋ ሲነሣ የራሱን የደም ሥር ያቆስላል። ቆዳ ላይ የደም ሥሩ ሲቆስል ደም ይፈስና ቀይ ነጥብ ይሆናል። ኩላሊት ደግሞ እንደሚያውቁት ወንፊት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የደም ሥር ድብልብሎች ደሙን ያጣራሉ። እነሱ ሲቆስሉና ሲደፈኑ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል። እንስሳው መብላት የሚተወው፣ የሚፈዘው፣ በመጨረሻም የሚሞተው በዚህ ነው። እኛ የምናየው ቆዳውን ነው፤ የሚገድለው ግን ኩላሊቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ስሙ የሚነሣው ቫይረስ ሰርኮቫይረስ 2 ይባላል። በጣም ትንሽ ቫይረስ ነው፤ አሳማ ባለበት ዓለም ሁሉ አለ። አብዛኛው አሳማ ይይዘዋል፤ ምንም ሳይሆን ያልፋል። ጥቂቱ ላይ ግን አካል ከልክ በላይ ምላሽ ይሰጥና ይህ ይመጣል። ለዚህ ነው ከሠላሳ አራት ሦስት የታመመብዎት። ብዙ እርባታዎች ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ሲከፋ ግን ከመቶ ሃያ ሊያልፍ ይችላል።

ከሦስት ወር በላይ የሆነው አሳማ ከያዘው ባብዛኛው ይሞታል። በዕድሜ ከዚያ ያነሰው ግማሽ በግማሽ ነው። ከተረፈ በሳምንት፣ በአስር ቀን ውስጥ መብላት ይጀምራል። ነጥቡ ጠቁሮ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ አንዳንዴ ጠባሳ ይተዋል።

ያ ቴትራሳይክሊንስ ጥፋት ነበር ወይ? ወይዘሮ ስ.፣ አሳማዎቹን የገደለው መርፌው አይደለም፤ ይህን ከልብዎ ያውጡት። ግን አላዳናቸውም፤ ሊያድናቸውም አይችልም። ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሐኪም ቁስሉ ላይ ሌላ ጀርም ገብቷል ካለ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ጀንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ግን በምንም መንገድ እንዳያስወጉ። ለተጎዳ ኩላሊት መርዝ ነው። የሕመም ማስታገሻ መርፌም ቢሆን ያለ ሐኪም አይሁን፤ አንዳንዱ ኩላሊትን ይጎዳል። ለታመመው የሚጠቅመው ለብቻው መለየት፣ ደረቅና ወፍራም ጭድ ማንጠፍ፣ ንጹሕ ውኃ አፉ ሥር ማድረግ ነው። እግሩ ያመዋል፤ ገንዳው ጋ ለመድረስ አይነሣም። ጤነኞቹ ስለሚጋፉትም ውኃ ሳይጠጣ ይውላል።

ስለ ሥጋው የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰርኮቫይረስ ሰውን አያሳምምም። ያም ሆኖ የታመመ እንስሳ ሥጋ አይሸጥም፣ አይበላም። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ እንስሳ ደሙ ቆሻሻ ነው። ደግሞም ቀይ ነጥብ ያለበት ሁሉ ይሄ በሽታ አይደለም። ኤሪሲፔላስ በተሰነጠቀ እጅ ገብቶ ሰውን ያሳምማል። ልጅዎ ያለ ጓንት እንዳይነካቸው ያልኩት ለዚህ ነው። የሞቱትን ጠለቅ አድርገው ቀብረው ኖራ አልብሰውባቸዋል፤ ደግ አድርገዋል።

አሁን ቤቱን እንዴት እንደምንይዘው። ግቢዎን ዞሬ ሳይ የታመሙት ሦስቱ ከአንድ ክፍል መሆናቸውን አየሁ። ልጅዎ እንደነገረኝ ከገበያ የተገዙ ስድስት አሳማዎች ከሁለት ወር በፊት እዚያው ተጨምረዋል፤ ክፍሉም ጠቦ ነበር። ከየቦታው የመጣ አሳማ አንድ ላይ ሲሆን የየቤቱን ጀርም ይዞ ይመጣል። መጣላቱና መጋፋቱ ደግሞ አቅሙን ያዳክመዋል። ከእንግዲህ የሚገዙትን ቢያንስ አንድ ወር ራቅ ባለ ክፍል ያቆዩ፤ የሚመግባቸው ሰው መጀመሪያ የቤቶቹን፣ መጨረሻ እንግዶቹን ይመግብ። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዕድሜ ይኑር። ሲሸጡም ክፍሉን ባዶ እስኪሆን ይሽጡና ያጽዱ። ኋላ የቀረውን ቀጫጫ ከታናናሾቹ ጋር መቀላቀል የሁላችንም ልማድ ነው፤ በሽታውን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው።

ጽዳቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህ ቫይረስ ጠንካራ ነው። አልኮልና ተራ ሳሙና አይበግሩትም። በረኪና ይሠራል፤ ግን እበት ላይ ከፈሰሰ አይሠራም። እበቱን ፍቀው ያውጡ፣ በውኃና በሳሙና ይጠቡ፣ ይድረቅ። ከዚያ በረኪናውን ያፍሱና ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ሲደርቅ ክፍሉን ሁለት ሳምንት ባዶውን ያሳድሩት። የቢሾፍቱ ፀሐይ የቀረውን ያግዝዎታል።

ለሰርኮቫይረስ 2 ክትባት አለ፤ ግልገሉ ጡት ሲጥል፣ በሦስት ሳምንቱ ገደማ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለ ነው። ሐኪሟ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ትጠይቅልዎታለች። እስከዚያው ግልገሎቹ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ሁሉም መጥባታቸውን ይከታተሉ። ደካማውን አንሥተው ጡቱ ላይ ያድርጉት።

የሆቴል ትርፍራፊውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን ሕመም ያመጣው እሱ ነው አልልም። ያን ሌሊት ሁለታችንንም እንቅልፍ የነሣን የአፍሪካው ትኩሳት ግን ወደ ግቢዎ ቢመጣ በር የሚሆነው እሱ ነው። ውስጡ የአሳማ ሥጋ ትራፊ ይኖራል። ሆቴሎቹን ሥጋውን ለይተው እንዲያስቀሩልዎ ይለምኗቸው። ያም ሆኖ የመጣውን ሁሉ በበርሜል አፍልተው፣ እያማሰሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀቅሉ። ማገዶው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። የመጣበት ዕቃ ደግሞ አሳማዎቹ ቤት አይግባ።

ትናንት ልጅዎ ፎቶ ልኮልኛል። ከሦስቱ በኋላ የታመመው አራተኛው፣ ያ ሁለት ወር ከአሥር ቀን የሆነው ግልገል፣ ጆሮውና ታፋው ላይ ያለው ነጥብ ቅርፊት ይዟል። ፉርሽካ መላስ ጀምሯል። ቅርፊቱን አይላጡለት፣ ቅባትም አይቀቡት። ራሱ ይረግፋል።

ጥያቄ

ሰላም ዶክተር። እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ አንድ የአሳማ እርባታ ላይ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚህ ግልገሎቹ ሁሉ ለሰርኮቫይረስ ይከተባሉ። ባለፈው ወር ግን አንዱ የኋላ እግሩ ላይ ቀይ ነጥብ አወጣ። አለቃዬ ገና ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወዲያው ስልክ አነሣ። «በ2000 የሆነውን አይተህ ቢሆን» አለኝ። ቆዳና ኩላሊት የሚያሳምም ነው ተብሎ በኋላ ተረጋጋ። ምን ያስፈራው ነገር ነው? የተከተበስ እንዴት ይታመማል?

ዳ.፣ ከእንግሊዝ

መልስ

ወንድሜ ዳ.፣ አለቃህ የሚያውቀውን ያውቃል። ያለህበት አካባቢ የዚህ በሽታ ታሪክ ያለበት ነው።

የቆዳና የኩላሊት ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ በጣም በዛ። አርቢውም ሐኪሙም ቀይ ነጥብ ያለው አሳማ ማየት ለመደ። «ያው እሱ ነው» ማለት ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በጋ ክላሲካል የሚባለው የአሳማ ትኩሳት ገባ። ኢስት አንግሊያ ውስጥ ነው የገባው፣ የአንተ ኖርፎክ ያለበት። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ኩላሊት ላይ ቀይ ነጥብ እንኳ ሁለቱም ያወጣሉ። ያኔ የሚሞቱትን አሳማዎች ሰዉ በለመደው በሽታ ስለተረጎማቸው ትኩሳቱ ለሳምንታት ሳይታወቅ ቆየ። ነሐሴ ላይ ተረጋገጠ፤ እስኪያበቃ ድረስ በጠቅላላው አሥራ ስድስት እርባታዎች ገብቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ አሳማዎች ታረዱ፤ ያልታመሙትም ጭምር። አለቃህ ያን ጊዜ የራሱን ወይም የጎረቤቱን ቤት ባዶ ሲሆን አይቶ ይሆናል። አንድ ቀን ሻይ ስትጠጡ ጠይቀው። እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ካየው ሰው ይሰማል።

ለዚህ ነው ወይዘሮ ስ. ቤት ቴርሞሜትሩ 39.4 ካለ በኋላም ናሙና የላክነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ የአሳማ ትኩሳት ሁልጊዜ ያን ያህል አያተኩስም።

ስለ ክትባቱ፦ ክትባቱ ከመጣ ወዲህ ይህ ሕመም በጣም ቀንሷል። ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንዳንዱ ግልገል ሲከተብ ታሞ ወይም ከእናቱ ባገኘው ፀረ እንግዳ አካል ተሸፍኖ ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ መርፌው በትክክል አልገባም፤ አንዳንዴ ደግሞ የክትባቱ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ ቆይቶ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንተ እጅ ናቸውና ተጠንቀቅ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ከያዛቸው እናት አሳማዎች ሰርኮቫይረስ 3 የተባለ አዲስ ዓይነት መገኘቱ ይፋ ሆነ። የ2ቱ ክትባት ለ3ቱ የተሠራ አይደለም። በአንተ አሳማ ላይ የትኛው እንደነበረ የላብራቶሪውን ወረቀት ካየህ ጻፍልኝ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንህ። ከአገር ቤት የሚላክልህን፣ ጓደኛ የሚያመጣልህን ማንኛውንም የሥጋ ነገር፣ ቋንጣም ቢሆን፣ እርባታው ግቢ ውስጥ ይዘህ እንዳትገባ። ምሳህን የምትበላበት ክፍል ከአሳማዎቹ ይራቅ፤ የተረፈህንም የምትጥልበት ቅርጫት ክዳን ይኑረው።